ደወል ደውሎ የሚገባበት ግንብ

ወደ ትሪቭ ግንብ የሚያስገባ ድልድይ የለም። ግንቡ ያለው በደቡብ ምዕራብ ስኮትላንድ፣ ዲ የሚባል ወንዝ መሃል ደሴት ላይ ነው። ከካስል ዳግላስ ከተማ ወጣ ብለን መኪናችንን አቆምንና በእርሻ መሃል በእግር ተጓዝን። ካፊያው አልለቀቀንም። ወንዙ ዳር አንድ ደወል ተሰቅሏል። እሱን ስትደውል ባለ ጀልባው ከማዶ ይመጣል። ጓደኛዬ ሦስቴ ደወለች። «አንዴ ይበቃል፣ ሰምቻለሁ!» አለ ሰውዬው ጀልባዋን እያስጠጋ።

ስኮትላንዶች ቤትም ምሽግም የሆነውን እንዲህ ያለ ረጅም ግንብ «ታወር ሃውስ» ይሉታል። ይህን ያሠራው በ1369 (እ.ኤ.አ.) የዚህ አካባቢ፣ የጋሎዌይ፣ ጌታ የሆነው አርቺባልድ ዳግላስ ነው። ቅጽል ስሙ «ዘ ግሪም»፣ ፊቱ የማይፈታ እንደማለት ነው። በ1400 የገና ዋዜማ እዚሁ ሞተ። ከታች የውሃ ጉድጓድና እስር ቤት አለ። የላይኞቹ ወለሎች ፈርሰዋል፤ አንጋጠህ ስታይ የእሳት ማንደጃዎቹ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥለው ቀርተዋል። ከበሩ በላይ ደግሞ አንድ ድንጋይ ወጣ ብሎ ይታያል። ሰው የሚሰቀልበት ነበር፣ ገመድ ተለይቶት አያውቅም ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን፣ ከሥሩ ሳልፍ አንገቴን ሰበር አደረግሁ።

ዳግላሶች ንጉሡን እስኪያሰጉ ድረስ ገነኑ። በ1452 ንጉሥ ጄምስ ዳግማዊ ስምንተኛውን የዳግላስ ኧርል (የመኳንንት ማዕረግ ነው) ዊልያምን «ምንም አትሆንም» ብሎ ወደ ስተርሊንግ ግንብ ጠራው። ከዚያ በገዛ እጁ በጩቤ ወጋው፤ የንጉሡ ሰዎችም ተጨመሩበት። ሬሳው ላይ 26 ቁስል ተቆጠረ ይባላል። የእንግድነት ነገር እዚህ ላይ አከተመ።

በ1455 ንጉሡ ራሱ ትሪቭን ሊከብ መጣ። ዳግላሶች ይህን ቀን ፈርተው ግንቡን ለመድፍና ለጠመንጃ ቀዳዳ ባለው አጥር ከበውት ነበር። አንዱ ቀዳዳ ውስጥ እጄን አስገባሁ፤ እስከ ክርኔ ገብቶም ማዶው አልተነካም። ከበባው ከሁለት ወር በላይ ፈጀ።

የአካባቢው ተረት ታዲያ ግንቡን የጣለው «ሞንስ ሜግ» የሚባለው ግዙፍ መድፍ ነው ይላል። እዚሁ ያለ አንጥረኛ ሠራው ብለውም ይጨምራሉ። ደስ ይላል፣ ግን አይሆንም። መድፉ በ1449 ተሠርቶ ስኮትላንድ የደረሰው በ1457 ነው። ከከበባው ሁለት ዓመት በኋላ! ዛሬ ያለው ኤዲንብራ ግንብ ነው። ትሪቭን ያስከፈተው ሌላ ነገር ነው፤ ጠባቂዎቹ ገንዘብና ርስት ተቀብለው በሩን ለቀቁ። ጉቦ፣ በአጭሩ። መድፍ ወዳዱ ጄምስ ደግሞ ከአምስት ዓመት በኋላ ሮክስበርግ ላይ የራሱ መድፍ ፈንድቶ ገደለው።

ግንቡ የመጨረሻ ጦርነቱን ያየው በ1640 ነው። ለንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ ያደሩት ሰዎች ለ13 ሳምንት ከተከበቡ በኋላ እጅ ሰጡ። ከዚያ ሆን ተብሎ ፈረሰ።

ስንመለስ ባለ ጀልባውን ስለ መድፉ ጠየቅሁት። ሳቀ። «እኔም ልጅ ሳለሁ አምን ነበር» አለ። ወዲያው ከማዶ ደወሉ ተደወለ። አራት ጊዜ።