«እሺ» ሲሉኝ ተግባባን ያልኩበት ጊዜ

ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ተዛውሬ የመጋዘን ኃላፊ የሆንኩት የዛሬ አራት ዓመት ነው። በሥሬ 11 ሰው ነበር፤ ቆጣሪዎች፣ የፎርክሊፍት ሹፌር፣ የቀሩት ጫኝና አውራጅ።

ጠዋት ጠዋት ሰብስቤ የቀኑን ሥራ በአማርኛ አነብላቸዋለሁ። «ግልጽ ነው?» ስል «እሺ»፣ «ቶሌ»፣ «ሀዬ» ይሉኛል። በሦስት ቋንቋ ተግባባን ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።

በሁለተኛው ወር ሐረር መራገፍ የነበረበት ሩዝ ጅግጅጋ ገባ። የጅግጅጋ መንገድ በሐረር ነው የሚያልፈው፤ ሩዙ ማራገፊያውን አልፎ ሌላ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደ ማለት ነው። ጫኙን ሰው ፊት ሰደብኩት። ዝም አለኝ።

በሁለተኛው ቀን ፈጢራ እየበላን አንዱ ቆጣሪ እንዲህ አለኝ፦ «አቦ፣ እሱኮ ሲጫን ስህተቱን አይቷል። ግን አንተን ማን ደፍሮ ይናገርሃል? እንደ ዳኛ ነው የምትቆመው።»

ምግቡ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም፤ ሽማግሌውም «አንተ» ነው። እኔ ደግሞ አክብሮት መስሎኝ ሁሉንም «እርስዎ» እል ነበር። እነሱ ግን «ራቁኝ» የምል መስሏቸው ነበር።

ጫኙን ይቅርታ የጠየቅኩት እዚያው የሰደብኩት ቦታ፣ ያው ሰው ሁሉ ባለበት ነው። ቢሮ ጠርቼ ብለው ኖሮ ምን ዋጋ አለው?

ከዚያ «ግልጽ ነው?» ማለቴን ተውኩ። አሁን ሥራውን የሚሠራው ሰው ራሱ፣ በሚቀናው ቋንቋ፣ ለሌሎቹ መልሶ ይናገራል። በኦሮምኛ የተናገረው ቢስት ሶማሊኛ ተናጋሪው ያርመዋል። እኔ ግማሹ አይገባኝም፤ ግን ሰሌዳው ላይ ታርጋውንና የከረጢቱን ብዛት በጣቱ ስለሚያሳይ እከተላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን 20 ደቂቃ ይፈጅ ነበር፤ አለቃዬ ጊዜ ማባከን ነው ብሎ ተቆጥቶኛል።

ሌላው ሙቀቱ ነው። በግንቦትና በሰኔ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ሥር ሲዘገዩ ሰነፎች ይመስሉኝ ነበር። አንድ ቀን ራሴ ተሸከምኩ። ሦስተኛው ከረጢት ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። በማግስቱ ጭነት ከንጋቱ 12 ሰዓት እንዲጀመር፣ 5 ተኩል ላይ እንዲያበቃ አደረግን። ከሰዓት የወረቀት ሥራ ነው። (ስለ በርጫ አትጠይቁኝ፤ ለብቻው ጽሑፍ ይወጣዋል።)

ሁሉም ተሳካ አልልም። የፎርክሊፍቱ ሹፌር ብለምነውም ብቆጣውም ያረፍዳል። ዛሬም አርፍዷል።

በቀደም ዋናው ሥራ አስኪያጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ ቆመን እያወራን፣ ያ ጫኝ ወረቀቱን ይዞ መጣ። «አንተ፣ ይሄ ዝርዝር ልክ አይደለም» አለኝ። እንግዳው ደንግጦ አየኝ። እኔ ወረቀቱን አየሁ። የጅግጅጋውን 40 ከረጢት ሁለቴ ጽፌዋለሁ።