ፋይሉ እያለ የለም ሲለኝ

ባለፈው ክረምት ሦስት ቀን ሙሉ አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ፣ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ ተቀምጬ ፓይተን ከሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጋር ስጣላ ከረምኩ። የጅማ በርጩማ ለቡና መጠጫ እንጂ ለኮምፒውተር ሥራ እንዳልተሠራ ወገቤ እስከ ዛሬ ይመሰክራል።

ሥራው ቀላል ነበር። መጋዘኑ መርካቶ አካባቢ ነው። ሚዛኑ በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ተያይዟል። ጆንያ ሲጫን ፕሮግራሜ ክብደቱን ያነባል፣ በኪሎና በፈረሱላ ይመዘግባል፣ ማታ የኤክሴል ሪፖርት ያወጣል። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ቡና ነጋዴ ኪሎውን ስትነግሩት ወዲያው በሆዱ ለ17 ሲያካፍል ፊቱ ላይ ታዩታላችሁ።

ከሚዛኑ ጋር የሚነጋገረውን ክፍል ሲ ፕላስ ፕላስ በሚባል ሌላ ቋንቋ ጻፍኩት። ሪፖርቱንና ማጣሪያውን ግን በፓይተን ጽፌ፣ ፓይተኑን ሲ ፕላስ ፕላሱ ውስጥ ከተትኩት። ማጣሪያ ያልኩት ተሸካሚው ጆንያውን ጥሎ እግሩን ሳያነሳ ቁጥሩ ስለሚዋዥቅ ነው። የመጨረሻዎቹን 20 ንባቦች እወስድና መሀከል ላይ ያለውን ቁጥር በኑምፓይ፣ የቁጥር ሥራ በሚሠራው የፓይተን ተጨማሪ፣ አወጣለሁ። 20 ቁጥር ለመደርደር ኑምፓይ ምን አደረገኝ? ለምጄው ነው። ይህችን ልማዴን በኋላ ከፍዬባታለሁ።

አጂፕ ሰፈር ቤቴ ቁጭ ብዬ ስሞክረው ሁሉም ነገር ሠራ። በፍላሽ ይዤው ሄድኩ። የመጋዘኑ ኮምፒውተር አሮጌ ነው፣ ዊንዶውሱም ከ64 ቢቱ የቀደመው ዓይነት፣ 32 ቢት። ይህን ስለማውቅ ቤት በ64 ቢት የሞከርኩትን ፕሮግራም ለ32 ቢት ደግሜ አዘጋጅቼ፣ ባለ 32 ቢቱን የፓይተን ዲኤልኤል፣ ማለትም ፓይተንን የሚያስነሳውን ዋና ፋይል፣ አጠገቡ አድርጌ ነበር የሄድኩት። ስከፍተው መስኮቱ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ደግሜ ከፈትኩት፣ ደግሞ ጠፋ።

«ኢንጂነር፣ ሚዛኑ ተበላሸ እንዴ?» አሉ የመጋዘኑ ባለቤት። ሐጂ ነው የምንላቸው።

«ሚዛኑ ደህና ነው ሐጂ። ትንሽ ይታገሱኝ።»

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ፕሮግራሜ ስህተት የሚጻፍበት ጥቁሩ መስኮት የለውም። ፓይተን ስህተቱን ቢናገርም የሚሰማው የለም። የመጀመሪያው ሥራዬ ስህተት የሚጻፍበትን መስመር ወደ ተራ የጽሑፍ ፋይል ማዞር ሆነ። እዚያው ላይ፣ ከሲ ፕላስ ፕላስ ሆኜ ሞጁል፣ ማለትም ፓይተን የሚጠቀምበትን የኮድ ፋይል፣ በጠራሁ ቁጥር የተመለሰልኝ ባዶ መሆን አለመሆኑን የሚያይ፣ ባዶ ከሆነም ፓይተን ስህተቱን እንዲያትም የሚያዝ ኮድ ጨመርኩ። ይህን ከመጀመሪያው አለማድረጌ ስንፍና ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ፋይሉን ስከፍት «ኢንኮዲንግስ የሚባል ሞጁል የለም» ይላል።

ይህን ስህተት ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ኢንኮዲንግስን ተጨማሪ ሞጁል በሚያወርደው በፒፕ ለመጫን መሞከር ነው። እንዳትሞክሩ። ኢንኮዲንግስ ከፓይተኑ ጋር አብሮ የሚመጣ የገዛ አካሉ ነው። ስሙ የሚነሳው እሱ የተለየ ችግር ስላለበት አይደለም፣ ወረፋው አንደኛ ስለሆነ ነው። ፓይተን ሲነሳ የፋይል ስሞችን የሚያነብበትን ፊደል ለማወቅ ከሁሉ በፊት እሱን ይፈልጋል። እሱን ካጣ ሌላውም የለም ማለት ነው። የጎደለው ቤቱ በሙሉ ነው፣ ደጃፉ ላይ ስለቆመ ግን ስሙ የተጠራው የበሩ ነው።

ታዲያ ላፕቶፔ ላይ ለምን ሠራ? ፓይተንን ስጭን አድራሻውን ሬጅስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ ውስጥ ጽፎ ነበር። ሌላ ፕሮግራም ውስጥ ሲገባ ቤቱን ከዚያ እያነበበ ያገኘዋል። እዚህ ኮምፒውተር ላይ ፓይተን ተጭኖ አያውቅም። እኔ ከራሱ ከፓይተን ዲኤልኤሉን ብቻ ይዤ መጣሁ። ጀበናውን ይዞ ቡናውን ቤት እንደመርሳት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። የፓይተን ድረ ገጽ ላይ ሌላ ፕሮግራም ውስጥ ለመክተት ተብሎ የተዘጋጀ ትንሽ ዚፕ አለ። ከዲኤልኤሉ ጋር አብዛኞቹን መደበኛ ሞጁሎች ይዟል። የእኔ 3.10 ስለሆነ ባለ 32 ቢቱን 3.10 በስልኬ ዳውንሎድ አደረግሁ። በመሀሉ መብራት ሄደ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሐጂ ቡና አስፈሉ። መብራቱ ሲመጣ ኢንኮዲንግስ ጠፋና ኑምፓይ ተተካ። «የለም» አለኝ።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰዓት ያቃጠልኩት። ተጨማሪ ሞጁሎች የሚቀመጡበትን ሳይት ፓኬጅስ ፎልደር ከላፕቶፔ ቀድቼ አምጥቻለሁ፣ በዓይኔ አየዋለሁ። ፓይተን ፓዝ የሚባለውን የሲስተም ቅንብር ሞላሁት። ምንም። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። ምንም። በመጨረሻ ከመጀመሪያው ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ። ፓይተን ሞጁል የሚፈልግባቸውን ቦታዎች ዝርዝር፣ ሲስ ፓዝ የሚባለውን፣ ከራሴ ፕሮግራም ውስጥ ሆኜ አሳተምኩት። ዝርዝሩ ሁለት መስመር ብቻ ነበር። እኔ የሞላሁት የለበትም።

ለካ ያ ዚፕ ውስጥ ስሙ በፒቲኤች የሚያልቅ አንዲት ትንሽ ፋይል አለች። እሷ ካለች ፓይተን ሌላ ማንንም አይሰማም። ሬጅስትሪውንም፣ ፓይተን ፓዝንም ይተዋል። በእሷ ውስጥ የተጻፈው ብቻ ነው መንገዱ። ሳይት ፓኬጅስን በራሱ የሚያስገባው «ኢምፖርት ሳይት» የሚለው መስመርም ፊቱ ላይ ምልክት ተደርጎበት ተዘግቷል። በኖትፓድ ከፍቼ የፎልደሩን ስም አንድ መስመር ጨመርኩ። አለቀ።

አላለቀም። አሁን ኑምፓይን አገኘው፣ የኑምፓይን ሆድ ግን አጣ። «መልቲአሬይ የሚባል ሞጁል የለም» ይላል፣ እኔ ደግሞ ፋይሉ ላይ አፍጥጬያለሁ። በጣቴ እየነካሁ «ይኸው!» ልለው ምንም አልቀረኝም። ሐጂ ከኋላዬ ቆመው «ያለውን ነገር የለም የሚል ሰው ችግር ነው» አሉ።

የፋይሉን ስም እስከ መጨረሻው ሳነበው ጭራው ላይ 64 የሚል ቁጥር አየሁ። ነገሩ ወዲህ ነው። የኑምፓይ ዋና ሥራ በሲ የተጻፈ ነው፣ የተዘጋጀለት የፓይተን ስሪትና የማሽን ዓይነትም ስሙ ላይ ተጽፎ ይመጣል። የላፕቶፔ ፓይተን 64 ቢት ነው። ባለ 32 ቢቱ ፓይተን የራሱን ጭራ የያዘ ፋይል ይፈልጋል፣ ሌላውን ዞር ብሎም አያየው። ስለዚህ «የለም» ሲል አልዋሸም። የኤክሴሉ ሞጁል ያለ ችግር የተነሳው በንጹህ ፓይተን ስለተጻፈ ነው። ማታ ቤት ገብቼ ላፕቶፔ ላይ ባለ 32 ቢት ፓይተን 3.10 ለብቻው ጫንኩ፣ ኑምፓይንም በእሱ ፒፕ አወረድኩና በማግስቱ ይዤው ተመለስኩ።

በማግስቱ የመጀመሪያው ጆንያ ተመዘነ። ሁለተኛው ላይ ፕሮግራሙ ሞተ። በየምዘናው ፓይተንን እየከፈትኩ እዘጋው ነበር፣ ኑምፓይ ደግሞ ተዘግቶ መከፈት አይወድም። አንዴ ከፍቼ ቀኑን ሙሉ ክፍት ተውኩት።

የቀረው ቀኑ ነው። ሪፖርቱ በእኛ አቆጣጠር እንዲሆን ስለተፈለገ 13 ወር የሚቆጥር ፋይል ጽፌ ነበር። ስሙን ምን አልኩት? «ካለንደር»። ፓይተንም የራሱ ካለንደር አለው። የፓይተኑ ሞጁሎች ያሉበት ዚፕ ዝርዝሩ ላይ ቀዳሚ ስለሆነ የእኔ ተዘለለና «ካለንደር ውስጥ እንዲህ የሚባል ነገር የለም» አለኝ። ብልጥ ነኝ ብዬ የእኔን ፎልደር አንደኛ መስመር ላይ አወጣሁት። አሁን ደግሞ ከሚዛኑ የሚመጣውን ቀን የሚያነበው የፓይተን ኮድ የእኔን ካለንደር አግኝቶ የሳምንቱን ቀናት ስም ቢፈልግ አጣ።

ግማሽ ቀን መክተቱን ስረግም ዋልኩ። ከዚያ ያንኑ የፓይተን ኮድ ያለ ሲ ፕላስ ፕላስ፣ ላፕቶፔ ላይ ብቻውን አስነሳሁት። እዚያም ያው ስህተት። መክተቱ ከደሙ ንጹህ ነው። የፋይሉን ስም «ዘመን» ብዬ ቀየርኩት።

በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ሐጂ ራሳቸው አንድ ጆንያ አስጫኑ። ቁጥሩ ተዋዠቀና 61 ላይ ቆመ፣ ፈረሱላውም ተሰላ፣ ቀኑም በእኛ ወጣ። ደስ ብሎኝ ዞር ስል ሐጂ ስክሪኑን ትኩር ብለው እያዩ ነው።

«ጥሩ ነው። የጆንያው የራሱ ክብደትስ ተቀንሷል?»

በርጩማውን ወደ ኮምፒውተሩ ሳብኩት።