ኡራ ኪዳነ ምሕረት ደጃፍ ሰገድኩ

ስሙ የተመሰገነ ይሁን! የተሳልኩትን ስለት አድርሻለሁ፤ ምስክርነቱ ቀርቶኝ ነበር።

ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ዓሣ እሸጣለሁ። ቀኑን ሙሉ ዱካ ላይ ጎንበስ ብዬ ቀረሶ ሳጸዳ ነው የምውለው። ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ በረዶ የሞላ ሳጥን ላነሳ ስል ወገቤ ቀጭ አለና ባለሁበት ቀረሁ። ሕመሙ ከመቀመጫዬ ተነስቶ በግራ እግሬ እስከ አውራ ጣቴ ድረስ እንደ ኤሌክትሪክ ነዘረኝ። ከዚያ ወዲህ ጫማዬን የምታስርልኝ ልጄ ሆነች።

ኤም አር አይ ተነሳሁ። "ዲስክሽ አልቋል" ተባልኩ። ያቺን "አልቋል" የምትል ቃል ይዤ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ጎረቤት በወጌሻ ታሺ አለኝ፤ ባለቤቴ እምቢ አለ፤ ደግ አደረገ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ "ኪዳነ ምሕረት፣ በእግሬ አቁሚኝና ዘጌ መጥቼ ልስገድልሽ" ብዬ ተሳልኩ። በማግስቱ ድኜ የምነሳ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ የንስሐ አባቴ መጡ። "ጠበሉንም ጠጪ፣ ሐኪሙንም ስሚ። ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑ በሲራክ 38 ተጽፏል" አሉኝ።

ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ይኼኛው ጊዜ ሰጥቶ አስረዳኝ። ዲስክ በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለ ትራስ ነው፤ ዙሪያው ጠንካራ፣ ውስጡ እንደ ጄሊ። ዕድሜ ሲገፋ ውኃው እየቀነሰ ይሳሳል። ዲስኩ ሳስቶ ምንም የማያመው ሰው ብዙ ነው። የእኔው ወጣ ብሎ ነርቭ ነክቷል። አብዛኛው ሰው ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል። "ዲስክ የደም ሥር የለውም፤ ስትንቀሳቀሺ ነው እንደ ስፖንጅ ምግቡን የሚስበው። ተኝተሽ አትክረሚ" አለኝ። ሽንቴን መቆጣጠር ካቃተኝ፣ መቀመጫዬ አካባቢ ከደነዘዘኝ ወይ እግሬ ከዛለ ግን ሳላድር ሆስፒታል እንድሮጥ አስጠነቀቀኝ።

ማስታገሻ ወሰድኩ፤ ፊዚዮቴራፒ ጀመርኩ። ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር መራመድ ሆነ ሥራዬ። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ዘንባባ ብቻ አልፌ ተመለስኩ። በየእርምጃው "እመቤቴ" እላለሁ። ዘንባባዎቹ አምስት ሆኑ፣ አሥር ሆኑ፣ ከዚያ መቁጠሩን ተውኩት። ጥር ላይ ጫማዬን ራሴ አሰርኩ። አሁን ዓሣውን የማጸዳው ከፍ ባለ ጠረጴዛ ላይ ቆሜ ነው።

የካቲት 16 ከልጄ ጋር ኡራ ኪዳነ ምሕረት ወዳለችበት ወደ ዘጌ በጀልባ ተሻገርን። በቡናው ጫካ መሃል ዳገቱን በእግሬ ወጣሁት። ደጃፏ ስደርስ ተንበርክኬ ግንባሬን መሬት አስነካሁ። ልጄ ልታነሳኝ እጇን ዘረጋች። እጇን ሳልይዝ ተነሳሁ።