ከሃርለም ቅጥር ውጪ

ከአምስተርዳም ወደ ኔዘርላንድሷ ከተማ ሃርለም በባቡር ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ከጣቢያው ወጥቼ በእግሬ ወደ ሰሜን አቀናሁ፤ የክሌፍን ግንብ ፍለጋ። በእጄ የግንቡን ፍርስራሽ የሚያሳይ፣ የኔዘርላንድሱ ሠዓሊ የክላስ ያንስዞን ፊስኸር ሥዕል ግልባጭ ይዣለሁ። እ.ኤ.አ. በ1612 ገደማ የታተመ ነው፤ ከፖስትካርድ ብዙም አይበልጥም።

ከግንቡ የተረፈው ትንሽ ነው። ጡቡን ዳሰስኩት፤ ቀዝቃዛና ሻካራ ነው። በ1572 መጨረሻ የስፔን ጦር በአገዛዙ ላይ ያመጸችውን ሃርለምን ሲከብ አዛዡ ያረፈው እዚህ ነበር። ከተማዋ ለሰባት ወር ያህል ተከባ፣ ተርባ፣ በመጨረሻ እጇን ሰጠች። ግንቡንም ስፔኖቹ በባሩድ አፈረሱት።

በ1609 በስፔንና ባመጹባት ደቾች መካከል ለ12 ዓመት የሚቆይ የተኩስ አቁም ተፈረመ። ሰው እፎይ ብሎ ከቅጥሩ ውጪ መንሸራሸር ቻለ። ፊስኸር ይህን ፍርስራሽና የሃርለምን ዙሪያ በተከታታይ ሥዕሎች ያሳተመው ያኔ ነው። መግቢያው ላይ ሥዕሎቹ ሩቅ ለመሄድ ጊዜ ለሌላቸው መሆናቸውን ጽፏል። ይህ ልቤን ነካው። ንጉሥ የለበት፣ ቅዱስ የለበት፤ የሰፈር መንገድ ብቻ!

ከሥዕሎቹ አንዱ የጨርቅ ማንጫ መስክ ነው። እኔም በስተምዕራብ ወዳለው የአሸዋ ኮረብታ ሄድኩ። የተልባ እግር ጨርቅ በአመድ ውሃና በአሬራ ይዘፈዘፍና እዚህ አካባቢ ሣር ላይ ይሰጣ ነበር። አሬራ ሲባል ሽታው ወዲያው አፍንጫዬ ላይ መጣ። ጨርቁ እስኪነጣ ወራት ይፈጃል። ዘፍዛፊዎቹና አስጪዎቹ በብዛት ሴቶች ነበሩ።

ከስድሳ ዓመት ገደማ በኋላ ሌላው የኔዘርላንድስ ሠዓሊ ያኮብ ፋን ራውስዳል እንዲህ ያለውን የሃርለም መስክ በቀለም ሳለው። ሥዕሉን ዘ ሄግ፣ ማውሪትስሃውስ ሙዚየም ውስጥ አይቼዋለሁ። አብዛኛው ሰማይ ነው። ከታች ጨርቁ በነጫጭ መስመር ተዘርግቷል። ሠራተኞቹ ግን የጤፍ ቅንጣት ያህል ናቸው፤ ስማቸውን ማንም አልጻፈም። እዚያ ሥዕል ፊት ብዙ ቆሜያለሁ።

ያ ጨርቅ ሸሚዝና አንሶላ ይሆናል። ሲያልቅ ቡትቶው ለወረቀት ሠሪ ይሸጣል፤ የዚያ ዘመን ወረቀት የሚሠራው ከቡትቶ ነውና። ሠዓሊው ብዕሩን የሚያሳርፈው በሰው ገላ ላይ ባለቀ ጨርቅ ላይ ነበር።

ኮረብታው ላይ ስወጣ የቅዱስ ባቮ ቤተ ክርስቲያን ከጣሪያዎቹ በላይ ታየችኝ። ግልባጩን ከኪሴ አውጥቼ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ።