የኦክስጅን ማሽን መከራየት ቀላል ነው፤ ጉዱ መመለሱ ላይ ነው

እማዬ ቤት ውስጥ ኦክስጅን ያስፈልጋታል ሲባል መካሪው በዛ። ማሽኑ የት እንደሚቀመጥ፣ ቱቦው እግር እንዳይጠልፍ፣ ሌሊት ድምፁን እንዴት እንደምንለምደው ያልነገረኝ የለም። ማሽኑን ስንመልስ ስለሚመጣው ጣጣ ግን አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ።

አጀማመሩ ብዙም አያደክምም። ሐኪሙ የደሟን የኦክስጅን መጠን ቁጭ ብላም ስትራመድም ለካ። ብዙ ኢንሹራንሶች 88 በመቶ ወይም ከዚያ በታች የሚል ቁጥር ወረቀት ላይ ካላዩ አይንቀሳቀሱም። ስለዚህ ትዕዛዙ ላይ ቁጥሩና የተለካበት ቀን ይኑር። በደቂቃ ስንት ሊትር፣ በቀን ለስንት ሰዓት የሚለውም ይጻፍ። «ኦክስጅን ያስፈልጋታል» ብቻ የሚል ወረቀት ይዛችሁ ብትሄዱ ተመልሳችሁ ትመጣላችሁ። የእኛው የተሟላ ስለነበር ኢንሹራንሱ እከፍላለሁ ብሎ አስቀድሞ የሚሰጠው ፈቃድ ወጣ፣ አከራዩ ድርጅት ማሽኑን አመጣ፣ ፈረምን።

ማሽኑ በደቂቃ እስከ 5 ሊትር የሚሰጥ፣ የተለመደው የቤት ዓይነት ነው። የክፍሉን አየር ይስብና ናይትሮጅኑን አስቀርቶ ኦክስጅኑን ይልካል። ከግድግዳ ራቅ አድርጉት፣ ፊልተሩን በየሳምንቱ እጠቡ፣ እሳትና ሲጋራ አጠገቡ አይድረስ። መብራት ሲጠፋ ማሽኑም ይቆማልና መጠባበቂያ የኦክስጅን ሲሊንደር ጠይቁ። እኛ ባንጠይቅ ማንም አያነሳውም ነበር። በትከሻ የሚንጠለጠለውን ትንሹን የምትከራዩ ከሆነ ደግሞ ብዙዎቹ የሚሰጡት ትንፋሽ ሲሳብ ብቻ ነው። እዚያ ማሽን ላይ ያለው «2» የሚል ቁጥር በደቂቃ 2 ሊትር ማለት አይደለም። ሐኪም ሳታማክሩ ትልቁን በትንሹ አትለውጡ።

ከዚያ እማዬ ተሻላት። ሐኪሙ እንደገና ለካና «ከእንግዲህ ማሽን አያስፈልጋትም» አለን። ደስታችን ልክ አልነበረውም። ወደ ቤት ስንመለስ ወዲያው ለአከራዩ ደወልኩ። «በጣም ጥሩ፣ ሾፌር እንልካለን» አሉኝ። ሾፌሩ ግን አይመጣም። ስደውል «ተራ ይዘዋል» ይሉኛል። በዚህ መሀል አዲስ የኪራይ ወር ገባ። ውሉ ላይ ደግሞ በትናንሽ ፊደል የተጀመረ ወር ሙሉ ክፍያ አለው ይላል። እነሱ ሾፌር ሳይልኩ ቀሩ፣ ወሩ ግን በእኛ ላይ ተቆጠረ። ይህ እንግዲህ መግቢያው ነው።

በመጨረሻ ሾፌሩ መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፣ እሱን አልወቅስም። ደረሰኝ ስጠኝ ስለው «ወረቀት ቀርቷል፣ ሲስተም ላይ ይገባል» አለና ስልኩ ላይ በጣቴ አስፈረመኝ። ኮፒ የለም፣ መልእክት የለም። ማሽኑ ከመውጣቱ በፊት ግን ፎቶ አንስቼው ነበር። ስንረከበው ጎኑ ላይ ጭረት ስለነበረው በኋላ በእኛ እንዳያሳብቡ ብዬ ነው። ፎቶው ላይ ሲሪያል ቁጥሩና የሰዓት ቆጣሪው አብረው ገብተዋል። እነዚህ ማሽኖች በጠቅላላው ስንት ሰዓት እንደሠሩ የሚያሳይ ቆጣሪ አላቸው። ያ ፎቶ ባይኖር ዛሬም እየከፈልኩ በሆነ።

ምክንያቱም የሚቀጥለው ወር ቢል መጣ። ከዚያ ሌላ መጣ። ደወልኩ።

«ማሽኑ እርስዎ ቤት ነው ያለው ይላል።»

«እኔ ቤትማ የለም። የእናንተ ሾፌር ወስዶታል።»

«ሲስተሙ ግን አለ ይላል።»

ከሲስተም ጋር እንዴት ይከራከሩታል? ወደ ኢንሹራንሱ ዞርኩ። እነሱም የበኩላቸውን ድርሻ በየወሩ ይከፍላሉ። የራሳቸው ገንዘብ ስለሆነ ይናደዳሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ጭራሽ! «አከራዩ ክፍያ ከጠየቀ እኛ እንከፍላለን፤ ተመልሷል የሚል ማረጋገጫ ከእነሱ ያምጡ» አሉኝ። አከራዩ ጋ ስመለስ «ኪራዩን የምንዘጋው ኢንሹራንሱ ማቋረጫ ሲልክልን ነው» አለኝ። እንደ ኳስ ይቀባበሉኝ ጀመር። በስልክ ያናገርኩት ሰው ሁሉ አዲስ ነው፣ ታሪኩን ሁሌም ከሀ እጀምራለሁ። ኃላፊ አገናኙኝ ስል «መልሶ ይደውልልዎታል» ይላሉ። ማን ሊደውል! ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ይባስ ብሎ አንድ ቀን ደብዳቤ መጣ፦ ማሽኑን ካልመለሳችሁ ሙሉ ዋጋውን ትከፍላላችሁ። አንጀቴ አረረ። የሌለኝን ዕቃ ከየት አምጥቼ ልመልስ?

ቋጠሮውን የፈታው ሐኪሙ ጋ ያለ አንድ ወረቀት ነው። ኪራዩ የተመሠረተው በሐኪም ትዕዛዝ ላይ ነው፤ ያ ትዕዛዝ ደግሞ በጽሑፍ አልተሻረም። ሐኪሙ «አያስፈልጋትም» ያለው በቃል ነው። በወረቀት ደረጃ እማዬ አሁንም ኦክስጅን ላይ ናት። ይህን የነገረኝ አከራዩም ኢንሹራንሱም አይደሉም። ክሊኒኩ ውስጥ ፋይል የምትይዘው ልጅ ናት፣ ያውም በጨዋታ መሀል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው ለካ ለኦክስጅን ማሽንም ነው። እዚያው፣ ቀን ያለበት የማቋረጫ ትዕዛዝ ተጻፈልኝ።

ከዚያ ለሁለቱም አንድ ኢሜይል ጻፍኩ። አንዱ ለሌላው የሚለውን እንዲያይ ሁለቱንም አድራሻ እዚያው ላይ አደረግኩ። ትዕዛዙን አያያዝኩ፣ ፎቶውን አያያዝኩ። መልእክቱ አጭር ነው። «ሲሪያል ቁጥሩ ይኸው፣ መጋዘናችሁ ውስጥ ፈልጉት። ቤታችን ነው ያለው የምትሉ ከሆነ ሰው ላኩና ውሰዱት፣ በሩ ክፍት ነው። አሁንም ዝም ካላችሁ ቅሬታዬን ለሚቆጣጠራችሁ አካል አቀርባለሁ።»

ለካ መጋዘናቸው ውስጥ ቆሟል። ቆጣሪው ፎቶዬ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው፤ አንዲት ሰዓት አልጨመረም። ይቅርታ የሚል ቃል አልሰማሁም። «መዝገቡ ተስተካክሏል» ብቻ። ገንዘቤ ተመለሰ፣ እሱም ተቆራርጦ። ያ ሾፌር ያልመጣበትን ወር ግን እስካሁን «በውሉ መሠረት ነው» ይሉኛል። ያናድደኛል።

አሁን ቢሆን የማደርገውን ልንገራችሁ። የአከራዩ መመሪያ «ለማንኛውም ጥያቄ ይደውሉ» ይላል። አትደውሉ፣ ጻፉ። የግድ ከደወላችሁም ስልኩን እንደዘጋችሁ «ዛሬ እከሌ እንዲህ ብሎኛል» ብላችሁ ላኩላቸው። መመሪያው ሾፌር ይጠብቁ ይላል። መኪና ካላችሁ አትጠብቁ። ማሽኑ ቢከብድም ጎማ አለው፤ ራሳችሁ ወስዳችሁ ደረሰኝ እስኪሰጧችሁ ድረስ ከዚያ አትነቃነቁ። ሲሊንደሩን ግን ራሳቸው ይውሰዱት፤ ኦክስጅን የታመቀበት ዕቃ መኪና ውስጥ ማንከባለል ደግ አይደለም። የሐኪሙ ማቋረጫ አዲሱ የኪራይ ወር ከመግባቱ በፊት እጃችሁ ይግባ። ቀኑን ውሉ ላይ ፈልጉት።

ሌላው «መጀመሪያ ይክፈሉ፣ ከዚያ ይከራከሩ» የሚሉት ነገር ነው። እኔ በኋላ ላይ የማምንበትን ያህል ብቻ ከፍዬ የቀረውን በጽሑፍ ተቃወምኩ። ይህን ያደረግኩት ግን ማሽኑ ከቤት ከወጣ በኋላ ነው። ሕመምተኛችሁ ገና ማሽኑ ላይ ከሆነ እልህ ውስጥ አትግቡ። ከፍላችሁ ተከራከሩ፤ ማሽኑን እንወስዳለን ብለው ሊያስፈራሯችሁ ይችላሉ።

ደግሞ የአፍንጫው ቱቦ ከማሽኑ ኪራይ ጋር አብሮ የሚቆም እንዳይመስላችሁ። ሁሉም ነገር ተዘጋ ብዬ ካረፍኩ በኋላ አንድ ካርቶን ሙሉ ቱቦ ከነቢሉ በር ላይ ተቀምጦ አገኘሁ። ስደውል «እሱ የሌላ ክፍል ሥራ ነው» አሉኝ። የዚያኛውን ክፍል ኢሜይል ተቀብዬ ስልኩን ዘጋሁ።