ልጄ እህል ቀመሰች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ይህን ምስክርነት ልጽፍ ስነሳ አንዲት የማከብራት እህት "ትንሽ ቆዪ እንጂ፣ ልጅቷ ገና በእግሯ አልሄደችም እኮ፣ ሰው ምን ይላል?" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አልሄደችም። አፏንም አልፈታችም። ግን እኔ ገብርኤልን የለመንኩት እንድትሄድልኝ አልነበረም። በአፏ እንድትበላ ነበር የለመንኩት። እሱ ተሰጥቶኛል። የቀረው እስኪሞላ ዝም ልበል ብል ስለቴን አስቀረሁ ማለት ነው።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ የተወለደችው በ29ኛው ሳምንት ነው። ክብደቷ አንድ ኪሎ ከትንሽ ነገር። በአንዱ ቱቦ ትተነፍሳለች፣ በሌላው ወተት ይገባላታል፣ ቱቦውን የያዘው ፕላስተር ጉንጯን ሸፍኖታል። በእኛ ሥርዓት ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በ80 ቀኗ ነው። የእሷ 80ኛ ቀን ሲደርስ ገና በወጉ ትወለድበት የነበረው ቀን አካባቢ ነበርን፣ ያውም ሆስፒታል። ክርስትናዋም ዘገየ።

ቤት ስንገባ የአፍንጫዋ ቱቦ አብሮን ገባ። ሳንባዋ ዳነ፣ ዓይኗም ታይቶ ደህና ነው ተባለ፣ አፏ ግን እምቢ አለ። በኋላ እንደገባኝ፣ ቀድመው የሚወለዱ ልጆች ብዙዎቹ እንዲህ ይሆናሉ። ከተወለዱ ጀምሮ ወደ አፍና አፍንጫቸው የሚመጣው ነገር ሁሉ ቱቦ፣ ፕላስተርና መምጠጫ ስለሆነ፣ የሚጠጋቸው ነገር ሁሉ የሚያም ይመስላቸዋል። ማንኪያ ገና ከሩቅ ስታይ ያስመልሳታል። የእኔ ማንኪያ እንኳን፣ ለራሴ የምበላበት!

አፏ ብቻም አይደለም። ጉንጯን በስሱ ስትዳብሳት እንደ ተቃጠለ ሰው ትጮሃለች። የካልሲ ስፌት፣ እርጥብ ፎጣ፣ የቫኪዩም ድምፅ፣ የሽንት ቤት ውኃ ሲለቀቅ፣ ቡና ሲወቀጥ፣ ሁሉም ያስለቅሳታል። ፀጉሯን ማጠብ ለሁለት ሰው የሚሆን ሥራ ነው። ቅዳሴ ላይ ከበሮ ሲመታ ይዣት እወጣና ሌሎቹ እናቶች ጫማ ከሚያወልቁበት ጋ ቆሜ አስቀድሳለሁ። ባለቤቴ ኡበር የሚነዳው ሌሊት ነው፤ የማታውን ወተት በፓምፕ የምሰጣት እኔ ነኝ፣ ታስመልሳለች፣ አንሶላ እቀይራለሁ፣ እንደገና ከመጀመሪያው። ሌሊቱ በዚህ ያልቃል።

ሰው ደግሞ ይመክራል። አንዷ "ዓይን ነው" ትላለች። አንዷ "በግድ አጉርሻት፣ እኛም እንደዚያ ነው ያደግነው" ትላለች። ቴራፒ የሚባል ነገር፣ በልምምድ የሚሰጠው ሕክምና፣ እምነት ለሌለው ነው፣ ጸበል ብቻ ይበቃታል ያሉኝም አሉ። በተቃራኒው ጸበል ስል ፈገግ የሚሉ አሉ። እኔ ጸበሉንም አልተውኩ፣ ቴራፒውንም አልተውኩ፣ ሁለቱን አጣልተው ያመጡልኝን ግን ሰምቼ ዝም አልኩ።

አንድ ሌሊት ድሬዳዋ እናቴ ጋ ደወልኩ። እዚያ ነግቷል። አለቀስኩባት። እናቴ ብዙ ማጽናናት አታውቅም። "በቃ ለገብርኤል ስጪው" አለችኝ። ለድሬ ሰው ቁልቢ ሩቅ አይደለም፤ ልጅ ሳለን በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 በእግሯ የምትሄድ ሴት ናት። እኔ ግን ያን ሌሊት ትዝ ያለኝ የታኅሣሡ ሳይሆን የሐምሌ 19ኙ ነው፦ ቅዱስ ገብርኤል ቂርቆስንና እናቱን ኢየሉጣን ከፈላው ጋን ያወጣበት። ሕፃኑ ሦስት ዓመቱ ነበር። የጋኑ ድምፅ እንደ ነጎድጓድ ሲሆን የፈራችው እናት ናት፣ አይዞሽ ያለው ልጁ። ታሪኩን ከልጅነቴ ነው የማውቀው። እናት የምትፈራ መሆኑን ግን ያን ሌሊት ነው ልብ ያልኩት። "ገብርኤል ሆይ፣ በአፏ እህል ስትቀምስ ካሳየኸኝ ጃንጥላ አገባልሃለሁ" አልኩ። ይኸው ነው። ረጅም ጸሎት አልነበረም፣ አቅምም አልነበረኝ።

መልአክ አልታየኝም። የመጣው ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያን ጸበል ጻዲቅ ሲቀርብ ሳህን የምታነሳ አንዲት እህት ቱቦውን አይታ "ካውንቲው ቤትሽ ድረስ ሰው ይልካል፣ ደውለሻል?" አለችኝ። ካውንቲ የአካባቢያችን አስተዳደር ነው። አልሰማሁም ነበር። አሜሪካ ለምትኖሩ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ስንት ሐበሻ ልጁን ደብቆ እንደተቀመጠ አይቻለሁ፦ ሦስት ዓመት ላልሞላው፣ እድገቱ ለዘገየ ልጅ በየስቴቱ እንዲህ ያለ አገልግሎት አለ። ሕጉ በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። እኛ ጋ ኢንፋንትስ ኤንድ ቶድለርስ ይባላል። የሐኪም ወረቀት መጠበቅ አያስፈልግም፣ ወላጅ ራሱ መደወል ይችላል። ምርመራው ነፃ ነው። ከተደወለ በ45 ቀን ውስጥ ልጁ ተመርምሮ ዕቅድ መውጣት አለበት። እንግሊዝኛ ለሚከብደው አስተርጓሚ ያመጣሉ።

የመጣችው ቴራፒስት መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ማንኪያዎቹን ከፊቷ ማንሳት ነው። ምግብ የለም አለች፣ ጨዋታ ብቻ። በስሱ መዳበስ እንዲህ ዓይነት ልጅን ያውካል፣ ጠበቅ አድርጎ መያዝ ግን ያረጋጋል ብላ አሳየችኝ፤ መጀመሪያ እግር፣ ከዚያ ክንድ፣ ፊት መጨረሻ ላይ። ትሪ ላይ ደረቅ ጤፍ አድርገን እጇን እንድታስገባ፣ እኛ አጠገቧ ሆነን። ከሰለቸች ማቆም። አፏን ቶሎ ቶሎ አለመጥረግ። እኛ ስንበላ አብራን መሶቡ ጋ እንድትቀመጥ፣ ማንም "ብዪ" ሳይላት። ሐኪሞቹ በበኩላቸው ስትውጥ በኤክስሬይ አዩዋት። ጉሮሮዋ ደህና ነው። የሚከለክላት ፍርሃት ነው። ያም ሆኖ የአፍንጫው ቱቦ ረጅም ጊዜ ስለቆየ ሆዷ ላይ በቀዶ ሕክምና ሌላ ቱቦ ለማድረግ ቀጠሮ ያዙ። እሱን ያስደረጉ እናቶች ይህን ሲያነቡ እንዳይከፋቸው፤ ለብዙ ልጅ የመኖር መንገድ ነው። እኔ ግን ፈራሁ።

በዚህ መሃል የእናቴ ቪዛ ተመታላት። መጣች። ሻንጣዋን ሳትፈታ ልጅቷን ጭኗ ላይ አስተኝታ በቅቤ ታሻት ጀመር፣ እኔን እንዳሸችኝ፣ ጠበቅ አድርጋ፣ ከእግር ጀምራ። "እማ፣ ቀስ!" ስላት "ዞር በይ" አለችኝ። ልጅቷ ዝም አለች። ቴራፒስቷ መጥታ ስታይ "ይህን ማን አስተማራቸው?" ብላ ጠየቀች፣ በየቀኑ ይቀጥሉ አለች። እናቴ ይህን ስተረጉምላት ምን ያህል እንደ ኮራች አልነግራችሁም።

ነገሩ የሆነው በጾመ ነቢያት ነው። በ19 ቀን ነው ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፣ ግን አይደለም፣ ተራ ማክሰኞ ነው። እናቴ አልጫ ሽሮ ሠርታ ወለል ላይ ተቀምጣ ትበላለች። ልጄ አጠገቧ ናት። ማንም አላያትም፣ ሆን ብለን እንዳናያት ተነግሮናል። እጇን ዘርግታ ሳህኑ ውስጥ ነከረችው፣ አየችው፣ አፏ ውስጥ ከተተችው። ፊቷን አጨማደደች። አላስመለሳትም። እንደገና ነከረች። እናቴ ጉርሻዋን እንደያዘች "እህል ቀመሰች! ኧረ ልጄ እህል ቀመሰች!" ብላ ልትጮህ ስትል አፏን በእጄ ያዝኩት፣ ጩኸት ያስደነግጣታልና። እልልታውን ሁለታችንም መኝታ ቤት ገብተን፣ ትራስ ላይ ተደፍተን ነው ያወጣነው።

ከዚያ በኋላ በአንድ ጊዜ አልሆነም። ሽሮ በጣት፣ ከዚያ ሙዝ፣ ከዚያ አጥሚት፣ በመጨረሻ ማንኪያ። አንዳንድ ሳምንት ወደ ኋላ ትመለሳለች። ግን ክብደቷ ጨመረ፣ ቀዶ ሕክምናው ተሰረዘ፣ የአፍንጫዋ ቱቦ ወጣ። ቱቦው ሲወጣ ጉንጯ ላይ የፕላስተሩ ምልክት ቀርቶ ነበር፣ እሱም ጠፋ። አሁን ሥጋ ወደሙ ስትቀበል በእርፈ መስቀል የሚሰጣትን ተረጋግታ ትወስዳለች። በፊት ትተፋው ይሆን እያልኩ እግሬ እየተንቀጠቀጠ ነበር የምሰለፈው።

እናቴ ወደ ድሬዳዋ ስትመለስ ጃንጥላውን ሐምሌ 19 ቁልቢ አስገባችልኝ። ወርቃማ ዘርፍ ያለው ነው። ዋጋውን በስልክ ስትነግረኝ "ለገብርኤል ነው፣ አልተከራከርኩም" አለች፣ እናቴን ለሚያውቅ ይህ ራሱ ተአምር ነው።

ፀጉር ሲታጠብ አሁንም ትጮሃለች። ከበሮ ሲመታ አሁንም እንወጣለን፣ ብቻ አሁን በሩ ጋ ነው የምንቆመው። በቅርቡ ሦስት ዓመት ስለሚሞላት ከዚህ ፕሮግራም ወጥታ በትምህርት ቤቱ ሥርዓት በኩል እንደገና ትመረመራለች፤ ለቋንቋዋና ለእግሯ ምን እንደሚሰጧት የሚወሰነው እዚያ ነው። ለዚያ ጸልዩልን። የክርስትና ስሟ ወለተ ኪዳን ነው።