የቡና ጠብታ ለምን ቀለበት ትሠራለች?

ጠረጴዛ ላይ ጠብ ያለ ቡና ሲደርቅ አይታችኋል? መሃሉ ገርጣ ይላል፣ ዳሩ ይጠቁራል። ምክንያቱን በዓይኔ ላየው ፈልጌ እዚሁ ጎንደር፣ ቤቴ ውስጥ ሞከርኩት። ያስፈለገኝ ፒያሳ ካለ መስታወት ቤት የለመንኩት ቁራጭ፣ መርፌ የሌለው ሲሪንጅና ስልኬ ነው።

ቡናው መጥለል አለበት። አተላው ካለበት ባለበት ይዘቅጥና ነገሩን ያደፈርሰዋል። መስታወቱም ሳሙና እንዳይቀርበት በደንብ መለቅለቅ አለበት።

ጠብታዋን ከጎን ሆናችሁ እዩዋት። ስትደርቅ ከላይ ትሟሽሻለች እንጂ ወደ መሃል አትሰበሰብም። ዳሯ መስታወቱን ሙጭጭ ብሎ ይይዛል። ውሃው ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚተነው እዚያው ዳሩ ላይ ነው። የጎደለውን ለመሙላት ከመሃል ውሃ ይፈስሳል፤ ሲሄድ የቡናውን ብናኝ ይዞት ይሄዳል። መጨረሻ ላይማ ሩጫ ነው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንን ኔቸር መጽሔት ላይ ያብራሩት እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ቡና ስንት ዘመን ሲፈስ ኖሮ!

ከዚያ ዳሩን መነካካት ጀመርኩ። መስታወቱን ቫዝሊን በስሱ ስቀባው ጠብታዋ መያዣ አጣች። እየተሰበሰበች ደርቃ ቀለበት ሳይሆን ነጥብ ተወች። ቀጥሎ የሃይላንድ ክዳን በጋለ ሚስማር መሃሉን በስቼ ደፋሁባት። አሁን ተኑ የሚወጣው በመሃል ብቻ ነው፤ ዳሩ ብልጫውን አጣ፣ ቀለበቱም ደበዘዘ። ጠብታዋ ተለቅ ብላ ለክዳኑ ብትቀርብ ይሻላል። ትዕግሥት ግን ይፈልጋል፤ ክረምት ላይ ከሆነማ ተስፋ ቁረጡ።

አቦልንና በረካን ጎን ለጎን ማድረቅም ደስ ይላል። የበረካው ቀለበት ክር አክሎ ይቀጥናል፣ ብናኙ ትንሽ ነዋ።

ቤት ውስጥ የማይሞከረው የቅንጣቱ ቅርፅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ድቡልቡል ሳይሆን ሞላላ ቅንጣት ሲጠቀሙ ቀለበቱ ጠፋ። ሞላላዎቹ የውሃው ገጽ ላይ እርስ በርስ ይያያዙና ዳር ሳይደርሱ ይቀራሉ። ቀለም እየረጨ ለሚያትም ፕሪንተር ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ እያንዳንዷ የቀለም ጠብታ እኩል ካልደረቀች ህትመቱ ይዥጎረጎራል።

ፎቶ ልታነሱ ከሆነ መብራቱን ከጎን አድርጉት። ከላይ ከበራ የምታነሱት የአምፖሉን ነጸብራቅ ነው።